ሃይላንድ ውስጥ ያለው ውኃ

ድሬዳዋ፣ ፍርድ ቤት በር ላይ፣ ኒም ዛፍ ስር ጠረጴዛ ዘርግቼ ማመልከቻ እጽፋለሁ። ክስ፣ መልስ፣ ይግባኝ፣ አፈጻጸም፣ የመጣውን ሁሉ።

ከወራት በፊት አንዲት እናት ከከተማው ዳር መጡ። ከፌስታላቸው ሃይላንድ አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አቆሙት። «እስቲ አሽትተው ልጄ» አሉኝ። ክዳኑን ስከፍተው የጋራዥ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። ውኃው ላይ ስስ ቅባት ሰፍሯል። ወደ ፀሐይ ሳዞረው ሐምራዊና አረንጓዴ ቀለም ያወጣል። ከጉድጓዳቸው የቀዱት ነው። አጠገባቸው ያለ ድርጅት የተቃጠለ ዘይት መሬት ላይ ይደፋል አሉኝ። ክሱን ጻፍኩላቸው። ችሎቱ የላቦራቶሪ ውጤት አቅርቢ አለ። ለላቦራቶሪው የሚከፈለው ገንዘብ ግን ከየት ይምጣ?

ሰሞኑን የእህቴ ልጅ ላፕቶፑን ከፍቶ አንድ ዘጋቢ ፊልም አሳየኝ። «ክሩድ» ይባላል፤ ጆ በርሊንገር በ2009 የሠራው ነው፤ ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው። ታሪኩ የኢኳዶር አማዞን ነው። ቴክሳኮ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እዚያ ነዳጅ ሲያወጣ፣ አብሮ የሚወጣውን ቆሻሻ ውኃ ወንዝና ጅረት ውስጥ ይለቅ ነበር። ዝቃጩን ደግሞ ከስሩ ምንም ባልተነጠፈበት ጉድጓድ ያጠራቅማል። የኮፋን፣ የሲዮናና የሴኮያ ነባር ሕዝቦች ከሰፋሪ ገበሬዎች ጋር ሆነው በ1993 ኒውዮርክ ክስ መሠረቱ። 30,000 ሰው ወክለው። ክርክሩ ዓመታት የፈጀው ጉዳዩ የት ይታይ በሚለው ነው። እኛ የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ የምንለው ነገር። በመሃል ቼቭሮን ቴክሳኮን ገዛ። በ2003 ክሱ እዚያው ኢኳዶር፣ ላጎ አግሪዮ የተባለች ከተማ ላይ እንደገና ተከፈተ።

አንዱን ትዕይንት ደጋግሜ አየሁት። ዳኛው ራሳቸው ጫካ ድረስ መጥተዋል። ጠበቆቹ ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ቆመው ፊት ለፊት ይሟገታሉ። የከሳሾቹ ጠበቃ ፓብሎ ፋሃርዶ ነው። በልጅነቱ ነዳጅ ማውጫው ላይ የቀን ሠራተኛ የነበረ፣ ሕግ በርቀት ትምህርት የተማረ። የመጀመሪያ ጉዳዩ ይሄ ነው! አያቴ ያወራልኝ የነበረው በላ ልበልሃ ትዝ አለኝ፤ ዛፍ ስር፣ ሕዝብ ከብቦ። ቼቭሮንም መልስ አለው። ቴክሳኮ በ40 ሚሊዮን ዶላር ድርሻውን አጽድቷል፣ የኢኳዶር መንግሥትም ነፃ ብሎታል፣ ቀሪው የአገሪቱ መንግሥት ነዳጅ ኩባንያ ጣጣ ነው ይላል።

ከፊልሙ በኋላ የሆነውን ፈልጌ አነበብኩ። በ2011 ከሳሾቹ ረቱ። በ2013 የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ካሳውን 9.5 ቢሊዮን ዶላር ላይ አጸናው። ታዲያ ከማን ይውሰዱ? ቼቭሮን ኢኳዶር ውስጥ የሚያዝ ንብረት አልነበረውም። ካናዳ፣ ብራዚል፣ አርጀንቲና ድረስ አፈጻጸም ጠየቁ፤ አልሆነም። በ2014 የኒውዮርክ ዳኛ ፍርዱ በማጭበርበርና በጉቦ የተገኘ ነው አሉ። በ2018 ሄግ ላይ የተሰየመው የግልግል ጉባኤም ለቼቭሮን ወሰነ። ከፊልሙ ተቆርጠው የቀሩት ምስሎች ሳይቀሩ፣ ፍርድ ቤት አስረክቡ ብሎ፣ ማስረጃ ሆነዋል።

ይህን ሳነብ ሆዴ ተቃጠለ። ጠበቃ ካጠፋ ይጠየቅ። ልጆቿን በዚያ ውኃ የምታጥብ እናት ግን ምን አጠፋች? እኔም ጠረጴዛ ላይ ፍርድ ጨብጠው «ተፈርዶልኝ የለ እንዴ፣ ምነው እጄ አልገባ አለ?» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። ወረቀቱ ከብዙ መታጠፍ መሃሉ ላይ ተቀዷል።

ትናንት እኚያ እናት መጡ። የላቦራቶሪውን ገንዘብ ሰፈሩ እያዋጣላቸው ነው። ፊልሙን አጫወትኳቸው። ስለ ቢሊዮኑ ምንም አላሉም።

«ጉድጓዱስ? ተደፈነላቸው?»

«ብዙው እንዳለ ነው እናቴ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ አዲስ የቀዱትን ሃይላንድ ከፌስታሉ አወጡ። ፀሐይ እንዳያገኘው ተቀብዬ ጠረጴዛው ስር አስገባሁት።