ቬገስ ማለት ዟሪ ማለት ነው

ቬገስ የሚባለው ነርቭ ነገር በተነሳ ቁጥር ያንገበግበኛል፤ ስለዚህ ልጻፈው።

የጆሮና ጉሮሮ ክሊኒክ ነርስ ነኝ። አንድ አባት ጆሯቸው ተደፍኖ መጡ። ኩክ ነው። ጠብታ ሲጨምሩበት ስለከረሙ ለስልሷል፣ ማውጣት ብቻ ነው የቀረው። ሬዚደንቱ (ስፔሻሊስት ለመሆን የሚማረው ሐኪም) መሣሪያውን ወደ ጆሯቸው ሲያስገባ ሳሉ። ሲያወጣው ሳላቸው ቆመ። እንደገና ሲነካቸው እንደገና ሳሉ። ደረቅ፣ ድንገት የሚመጣ ሳል ነው፤ እጃቸውን አፋቸው ላይ ለማድረግ እንኳን ጊዜ አይሰጣቸውም።

«አባባ፣ ዝም ብለው ይቀመጡ እንጂ! ልወጋዎት እኮ ነው!» ብሎ ጮኸባቸው። እሳቸውም ይቅርታ መለመን ጀመሩ። ምን አጠፉና? ጭራሽ ካርዳቸውን ስቦ የደረት ኤክስሬይና የአክታ ምርመራ ጻፈላቸው። ለትራንስፖርት እንኳን ተበድረው የመጡ ሰው ናቸው።

«ዶክተር፣ የሚስሉት ጆሯቸው ሲነካ ብቻ ነው። ቬገስ ይሆናል» አልኩት።

«ሲስተር፣ ቬገስ ልብና ሆድ ነው።»

«ጆሮም ይደርሳል። ስሙ ራሱ እኮ በላቲን ዟሪ ማለት ነው።»

«እዚህ የምንሠራው ሕክምና ነው፣ ላቲን አይደለም» አለኝ። አባባ ፊት።

እስካሁን የማልረሳት ይቺን ንግግር ነው። ስሙ እኮ የነርቩን መንገድ ነው የሚናገረው! ከአንጎል ከሚወጡት 12 ጥንድ ነርቮች ቬገስ 10ኛው ነው። ሌሎቹ አብዛኞቹ እዚያው ራስና አንገት አካባቢ ይቀራሉ። እሱ ግን በአንገት ከትልልቆቹ የደም ሥሮች ጎን ይወርድና ልብን፣ ሳንባን፣ ጨጓራን አዳርሶ ትልቁ አንጀት ድረስ ይዘልቃል። ገና ከራስ ቅል እንደወጣ ደግሞ አንዲት ቀጭን ቅርንጫፍ ወደ ጆሮ ይልካል። በጀርመናዊው አናቶሚስት በፍሪድሪክ አርኖልድ ስም የአርኖልድ ነርቭ ትባላለች። የጆሮው ቱቦ ሲነካ እሷ ትቀሰቀሳለች፣ አንጎል ጉሮሮ የተነካ ይመስለዋል፣ ሰውየው ይስላል። ሁሉም ሰው ላይ አይታይም። አንዳንዱ ላይ ግን ከሳልም አልፎ የልብ ምት ይቀንስና ራሱን ይስታል፤ ይህን ሳያውቁ ጆሮ መነካካት አደጋ አለው።

ይሄን ኮሌጅ ነው የተማርኩት። የአናቶሚ መምህራችን የስሙን ትርጉም ሳይነግረን አያልፍም ነበር። ክላቪክል የሚባለው አጥንት ትንሿ ቁልፍ፣ ቲቢያ የሚባለው የእግር አጥንት ዋሽንት። ብዙዎቹ የክፍል ልጆች ጊዜ ማባከን ነው ይሉ ነበር። ስም ሁሉ ያግዛል ማለቴ አይደለም፤ አርተሪ የሚለው የደም ሥር ስም ለምሳሌ ጥንት አየር ይዞ ይሄዳል ተብሎ ከተገመተበት ዘመን የቀረ ነው፣ ስሙን ያመነ ይሳሳታል። ቬገስ ግን ትርጉሙን አንዴ ከሰማህ የት የት እንደሚደርስ አትረሳም።

ሲኒየሩ ሐኪም በመሃል ገቡ። ነገርኳቸው። ምንም ሳይሉ ጓንት አድርገው የቱቦውን የኋላ ግድግዳ በቀስታ ነካ አደረጉት፤ አባባ ሳሉ። ደረታቸውን አዳመጡ፣ ቤት ውስጥ ሳል እንዳላቸው ጠየቋቸው። ንጹህ ነው፣ ቤትም አይስሉም። «አርኖልድ ነው» አሉና የኤክስሬዩንም የአክታውንም ወረቀት ሰረዙት።

እጥበቱን እኔ ሠራሁት። ውሃውን 37 ዲግሪ አካባቢ አደረግኩት፤ ከቀዘቀዘ ወይ ከሞቀ ያዞራል። ሳል በመጣ ቁጥር ቆም እያልኩ፣ እስኪያልፍላቸው እየጠበቅኩ አጠብኳቸው። ኩኩ ወጣ። አባባ ኮሪደር ላይ ስም የምትጠራዋን ልጅ ድምፅ ሰምተው ዞር አሉ።

ሬዚደንቱ በማግስቱ ስለ አርኖልድ ነርቭ ለኢንተርኖቹ ሲያስረዳ ሰማሁት፤ በደንብ ነው ያስረዳው፣ ትርጉሙን ጭምር። ከማን እንደሰማው ባይናገር ግድ የለኝም። ግን ያን ቀን አባባ በሩ ላይ ሲሰናበቱት ቀና ብሎ ይቅርታ ሊላቸው ይችል ነበር። አላላቸውም።