ኢንተርቪው ላይ አፌን የከፈተልኝ ጌታ

ጌታ ይባረክ ወገኖቼ። ይሄን ምስክርነት እንደምሰጥ ቃል የገባሁት የአሜሪካ ቪዛዬ ከመምጣቱ በፊት ነው፣ «ብትሰጠኝም ብትከለክለኝም ያደረክልኝን እናገራለሁ» ብዬ፣ ስለዚ ትንሽ ረዘም ቢልባችሁ ታገሱኝ።

ባለቤቴ አሜሪካ ነው የሚኖረው፣ ዜግነት አለው። ከተጋባን በኋላ አይ 130 የሚባለውን፣ ሚስቴን ላምጣ የሚልበትን ማመልከቻ አስገባልኝ፣ እሱ እስኪጸድቅ ጠበቅን፣ ጸደቀ፣ ከዛ ፋይላችን ከኢንተርቪው በፊት ወረቀት የሚያሰባስበው ናሽናል ቪዛ ሴንተር የሚባለው ቢሮ ገባ፣ ከዛ ክፍያ፣ ከዛ ዲኤስ 260 የሚባለው የቪዛ ማመልከቻ ፎርም፣ የልደት ወረቀት፣ የጋብቻ ወረቀት፣ የፖሊስ ማስረጃ፣ ትርጉም፣ አንዱ ተሟላ ስንል ሌላው ይቀራል። በዚ መንገድ ያለፈ ሰው ያውቀዋል፣ ኢሜይል በመጣ ቁጥር ልብ ድው የሚልበት ኑሮ ነው በቃ። የኔ ዋናው ችግር ግን ወረቀቱ አልነበረም፣ ፍርሃት ነበር።

ከባለቤቴ ጋር ሳንተዋወቅ፣ ከዓመታት በፊት፣ ለአሜሪካ የጉብኝት ቪዛ አመልክቼ ነበር። ኤምባሲው መስኮት ጋ ቀርቤ ሁለት ሦስት ጥያቄ ተጠየቅኩ፣ ተንተባተብኩ፣ ምላሴ ተሳሰረ፣ ከዛ ፓስፖርቴና አንዲት ወረቀት በመስኮቱ ስር ወጣችልኝ፣ አለቀ። ወረቀቷ ላይ 214 ቢ ይላል፣ የተከለከልኩበት የሕግ አንቀጽ ነው። ከዛ ቀን ጀምሮ ግን አንድ ነገር ያዘኝ፣ መስታወት ያለው መስኮት ፊት ስቆም፣ ባንክም ይሁን ሆስፒታል፣ አፌ ይደርቃል ድምፄ ይጠፋል፣ የምፈልገውን ወረቀት ላይ ጽፌ አቀብል ነበር። ይሄን ማንም አያውቅም፣ ባለቤቴ እንኳን ዘግይቶ ነው ያወቀው። ለኢንተርቪው ሊያዘጋጀኝ ብሎ በስልክ እንደ ቆንስል ሆኖ «የት ተገናኛችሁ?» ሲለኝ ዝም አልኩት። የገዛ ባሌ! ኔትወርክ ተቋረጠ መስሎት ሃሎ ሃሎ ይላል።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። ዲኤስ 260 ፎርሙን የሞላልኝ በፎርም መሙላት የሚተዳደር ሰው ነው። ከፈልኩት፣ እሱ ቶሎ ቶሎ ይጠይቀኛል እኔ እመልሳለሁ እሱ ይጫናል፣ መጨረሻ ላይ ፊርማሽን ብሎ ፈረምኩ፣ ሄድኩ። ኢንተርቪው 11 ቀን ሲቀረኝ ማታ ቁጭ ብዬ የፎርሙን ኮፒ በእስክሪብቶ እያሰመርኩ ሳነብ «ከዚህ በፊት የአሜሪካ ቪዛ ተከልክለው ያውቃሉ?» የሚለው ጋ ደረስኩ፣ መልሱ «አይ» ይላል። ደነገጥኩ። ደግሜ አነበብኩት፣ ያው ነው።

በጠዋት ደወልኩለት። «እኔ ነኝ ሆን ብዬ ያደረግኩት፣ የተከለከለ ሰው ይጠረጠራል፣ ዝም በይ፣ ከጠየቁሽ አላስታውስም በይ» አለኝ፣ የጠቀመኝ መስሎት። ሌሎች ሰዎችም ጠየቅኩ፣ ግማሹ እነሱ የድሮ ፋይል አያዩም አለኝ፣ ግማሹ አንቺ ከተናገርሽ በገዛ እጅሽ አበላሸሽው አለኝ። እኔም እውነቱን ልንገራችሁ፣ ዝም ማለት ፈለግኩ። ሦስት ቀን ጾምኩ፣ ጸሎቴም «ጌታ ሆይ ያቺን ጥያቄ እንዳይጠይቁኝ አድርግልኝ» የሚል ነበር። ሰላም የሚባል ነገር አጣሁ፣ ተንበርክኬ እውላለሁ ግን ሸክሙ እንደተሸከምኩት እነሳለሁ።

በአራተኛው ቀን አብራኝ የምትጸልይ አንዲት እናት አለች፣ ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝና «ልጄ፣ ጌታን የምትለምኚው ውሸቱን ደብቅልኝ ብለሽ ነው?» አለችኝ። ሌላ ቃል አልጨመረችም። እዛው ወለሉ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። ከዛ ቀን ጀምሮ ጸሎቴ ተቀየረ፣ እውነቱን የምናገርበት አፍ ስጠኝ፣ በቃ ይሄንን ብቻ።

ከዛ በኋላ ነው ቁጭ ብዬ ሕጉን ያነበብኩት፣ ቀድሜ ማንበብ ነበረብኝ። እህቶቼ ይሄን ልብ በሉ፣ 214 ቢ ማለት ለጉብኝት ሲጠየቅ ሕጉ ማንንም አመልካች እዛው ሊቀር ነው ብሎ ስለሚገምት ያንን ግምት ማፍረስ አልቻልሽም ማለት ነው። የቤተሰብ ቪዛ ደግሞ መጀመሪያውኑ ሄዶ ለመኖር ነው የሚጠየቀው፣ ስለዚ ያ ክልከላ ብቻውን ለትዳር ቪዛ እንቅፋት አይሆንም። ዋና በሚባል ጉዳይ ላይ እያወቁ መዋሸት ግን ዕድሜ ልክ ሊያስከለክል ይችላል፣ ከዛ በኋላ ልዩ የይቅርታ ማመልከቻ ካልጸደቀ መግባት የለም። እኔ ቀዳዳ ነው ብዬ የደበቅኩት ነገር ቀዳዳ አልነበረም፣ ጉድጓዱ መደበቁ ነበር።

ፎርሙ አንዴ ከገባ በኋላ ደግሞ ራስሽ ገብተሽ ማስተካከል አትችይም። ይስተካከልልኝ ብዬ ኢሜይል ጻፍኩ፣ መልስ ሳይደርሰኝ ቀኑ ደረሰ። ስለዚ አንድ ብጫቂ ወረቀት ላይ የተከለከልኩበትን ዓመት፣ የቪዛውን ዓይነት፣ ፎርሙ ላይ መሳሳቱን ጻፍኩና የማህደሬ አናት ላይ አስቀመጥኩት።

በመሃል ሌላም ነገር ነበር፣ ባጭሩ ልለፈው ግን ሳልናገር አላልፍም። ባለቤቴ ታሞ አራት ወር ሥራ አልሠራም፣ የዚያ ዓመት ታክሱ ላይ ያለው ገቢ ደግሞ አይ 864 የሚባለው የስፖንሰር ዋስትና ፎርም የሚጠይቀውን አልሞላም፣ ገቢው ለቤተሰቡ ቁጥር ከተቀመጠው የድህነት መጠን 125 ፐርሰንት መድረስ አለበት። ተጨማሪ ስፖንሰር ያስፈልጋል ተባለ፣ ማንን ነው የምትጠይቂው? ፊርማው እኮ ቀልድ አይደለም፣ የመጣው ሰው ዜግነት እስኪያገኝ ወይም 40 ኳርተር፣ ወደ 10 ዓመት ሥራ ማለት ነው፣ እስኪሞላለት ድረስ የሚያስጠይቅ ውል ነው። ባለቤቴ በቤተክርስቲያን በሰላምታ ብቻ የሚያውቀው አንድ ወንድም የጸሎት ርዕሱን ሰምቶ ራሱ መጣ። ፎርሙን ቤቱ ወስዶ እያንዳንዱን መስመር አንብቦ፣ ያልገባውን ጠይቆ፣ በሳምንቱ የታክሱን ወረቀት አያይዞ ፈርሞ አመጣ። እስካሁን ሳስበው ዓይኔ እንባ ይሞላል።

ቀኑ ደረሰ። ሌሊቱን ተኛሁ፣ ይሄ ራሱ ለኔ ተአምር ነው። ኦሪጅናሉን ከነኮፒው፣ ትርጉሙን፣ ፎቶዎቹን ይዤ ገባሁ። መጀመሪያ አንዱ መስኮት ላይ ወረቀት ተቀበሉኝ፣ ከዛ አሻራ ሰጠሁ፣ ከዛ ቁጭ ብለሽ ጠብቂ ተባልኩ። ሁለት ሰዓት ያህል ጠበቅኩ። አጠገቤ አንድ አባት ልጃቸው ጋ ሊሄዱ ነው መሰለኝ፣ ማህደራቸውን በሁለት እጃቸው ደረታቸው ላይ አቅፈው ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ እሳቸውም እየጸለዩ ነው። ብጫቂዋ ወረቀት እጄ ውስጥ ነበረች፣ በላብ ረጥባ የጻፍኩት ዓመት ቀለሙ ፈሶ ነበር።

ቁጥሬ ተጠራ። እግሬ አልታዘዝ አለኝ፣ አፌ ደረቀ፣ ያው የድሮው ነገር መጣ። ቆንስሏ ሴት ናት፣ ከጎኗ አስተርጓሚ አለ። ገና ሰላምታ እንደተለዋወጥን «ቀኝ እጅዎን ያንሱ» አለኝ። አነሳሁ። ፎርሙ ላይ የሞሉትና አሁን የሚናገሩት እውነት መሆኑን ይምላሉ ሲለኝ ለካ ወረቀቷ በተነሳው እጄ ውስጥ ናት። ቆንስሏ አየቻትና በአስተርጓሚው «ወረቀቱን ማስቀመጥ ይችላሉ» አለችኝ።

«አይ» አልኩ፣ ድምፄ ወጣ፣ እኔው ራሴ ገረመኝ፣ «እሱን ነው መስጠት የምፈልገው፣ ከመማሌ በፊት። ፎርሙ ላይ ስህተት አለ። ከዚህ በፊት ቪዛ ተከልክያለሁ።»

ወረቀቷን በመስኮቱ ስር አሾለክኩላት፣ ያኔ ክልከላው በወጣበት በዛው ዓይነት ክፍተት። አነበበች። ኮምፒውተሯን አየች። «ታዲያ ለምን አይ ተባለ?» አለችኝ። «የሞላው ሌላ ሰው ነው፣ ሳላነብ የፈረምኩት ግን እኔ ነኝ» አልኳት። ረጅም ነገር ጻፈች፣ ኪቦርዱ ብቻ ነው የሚሰማው። ከዛ ቀና ብላ «እዚህም ይታየኛል» አለችኝ። ወገኖቼ ፋይሉ ፊቷ ነበረ! እኔ ሦስት ቀን እንዳይጠይቁኝ ብዬ የጾምኩበት ነገር ስክሪኗ ላይ ተጽፎ ይጠብቀኝ ነበር። «ሌላ የሚስተካከል ነገር አለ?» አለች፣ የለም አልኩ፣ ማልኩ።

ከዛ ጠየቀችኝ፣ የት እንደተገናኘን፣ መጨረሻ መቼ እንደመጣ፣ ሥራው ምን እንደሆነ፣ ለምን ሁለተኛ ስፖንሰር እንዳስፈለገ፣ ሁሉንም እንዳለ ነገርኳት። ፎቶዎቹን ስታገላብጥ አንዱ ላይ ቆመች። የቀለበቱ ሥነ ሥርዓት ላይ የተነሳነው ነው፣ ባለቤቴ በአንድ እጁ እጄን ይዞ በሌላው ስልክ ከፍ አድርጎ ይዟል፣ ሰው ልብ ያላለው ነገር ነው፣ ስክሪኑ እዚህ ግባ የማይባል ስልክ ላይ ነጭ ትራስና አንድ ፊት ይታያል። «ስልኩ ላይ ያሉት ማን ናቸው?» አለችኝ።

እናቱ ናቸው። ሆስፒታል ተኝተው ነበር፣ መምጣት አልቻሉም። ፕሮግራሙ እስኪያልቅ ስልኩን አላወረደውም፣ እጁ እየተንቀጠቀጠ፣ ቀለበቱን እንኳን ያደረግኩለት ስልኩን እንዳይለቅ ጣቶቹን አንድ በአንድ እያላቀቅኩ ነው፣ እሳቸው በዛች ስልክ ውስጥ ሆነው ነው የመረቁን፣ ከአምስት ሳምንት በኋላ አረፉ፣ ያቺ ስልክ አሁን ተሰብራለች ግን አልጣላትም ብሎ መሳቢያው ውስጥ አስቀምጧታል እያልኩ እናገራለሁ እናገራለሁ፣ አስተርጓሚው እጁን ከፍ አድርጎ «ቆዩ እስቲ ቀስ ይበሉ፣ ልተርጉምላቸው» አለኝ።

ከዛ በኋላ ያለውን በደንብ አላስታውስም። ፓስፖርቴን እዛው አስቀረችው፣ ቪዛዎ ጸድቋል አለኝ አስተርጓሚው፣ አመሰግናለሁ ብዬ ወጣሁ፣ ያን አባት ሳልሰናበት ወጣሁ መሰለኝ።

ውጪ ስልኬን ተቀብዬ ለባለቤቴ ደወልኩ፣ እሱ ጋ ሌሊት ነው፣ አንዴ ሳይጠራ አነሳው። «ምን አሉሽ?» አለኝ። «አስተርጓሚው ቀስ በይ አለኝ» አልኩት። ዝም አለ። ከዛ ገባው፣ ሳቅ ይሁን ለቅሶ ያልለየ ድምፅ ሰማሁ፣ ገና ስለ ቪዛው አልነገርኩትም እኮ። ክብር ሁሉ ለጌታ ይሁን።