ድምፅ ሰምታ ብቻዋን የወረደችው ልጅ

ዛሬ እሁድ ስለሆነ ከእህቴና ከአክስቴ ልጅ ጋር እዚህ ጎንደር ማራኪ ሰፈር ቤት ውስጥ መጋረጃውን ዘግተን አንድ ሆረር ፊልም ከፈትን፣ ሳምንቱን ሙሉ ስጠብቀው የነበረ ነው፣ በጣም ነው ያናደደኝ። ልጅቷ ምድር ቤት ድምፅ ሰማች፣ ጓደኞቿ ሳሎን ቁጭ ብለዋል፣ አንዳቸውንም ሳትጠራ በባዶ እግሯ ብቻዋን ወረደች። ኧረ አንቺ ልጅ ተመለሽ እያልን ሦስታችንም ጮህን! ቆይታ ደግሞ ገዳዩን በብረት መትታ ጣለችውና ብረቱን እዛው ወርውራ ሮጠች። የፈራ ሰው እኮ የያዘውን ጨብጦ አይለቅም። ገጸ ባህሪያቱ ይሳሳቱ ግድ የለም ግን ስህተቱ ከፍርሃታቸው ይምጣ እንጂ ደራሲው ሬሳ ስለፈለገ አይሁን፣ ላላዘንኩለት ሰው እንዴት ልፈራለት እችላለሁ?

ገዳዩን ጭራቅም ገና ሲጀምር ሙሉ በሙሉ አሳዩን፣ አለቀ። በ1975 እ.ኤ.አ. የወጣው የዳይሬክተር ስፒልበርግ ጆውስ የሚባለው የሻርክ ፊልም ላይ ሜካኒካል ሻርኩ ጨው ውሃ ውስጥ እየተበላሸ ስላስቸገራቸው ብዙውን ጊዜ ሳያሳዩት በሙዚቃና በውሃው ብቻ ነው ያስፈሩን።

አያቴም እንደዛ ነበረች። መብራት ሲጠፋ ምድጃ ዳር ሰብስባን የጅብ ተረት ስታወራ ጅቡ ምን እንደሚመስል ነግራን አታውቅም፣ "ዝም በሉ፣ ሰማችሁ?" ትልና ራሷም ዝም ትላለች፣ ከዛ በአንገረብ ወንዝ በኩል እውነተኛው ጅብ ሲጮህ ሁላችንም ጋቢዋ ውስጥ ነን። ያንን ፍርሃት ነው የምፈልገው፣ ዛሬም አላገኘሁትም። እንደዛ የሚያስፈራ ፊልም ያያችሁ በናታችሁ ጠቁሙኝ።