እሁድ የማትዘገየው ሰዓት

ልጁ ጋራዥ የመጣው በሰዓት ምክንያት ነው። ሞተር ሳይክሉ ይሄዳል፣ ፍሬኑ ይይዛል፣ መብራቱም ይበራል። ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው ሰዓት ብቻ ወደ ኋላ ትቀራለች።

"ሰኞ ጠዋት ከስልኬ ጋር አስተካክላታለሁ። ሳምንቱ ሲያልቅ 7 ደቂቃ ያህል ዘግይታለች" አለኝ።

ሥራው ዕቃ ማድረስ ነው። ጓንት አጥልቆ በየመንገዱ ስልክ ማውጣት አይመቸውም፤ ዓይኑ ያለው እዚያችው ሰዓት ላይ ነው።

እኔ ደግሞ ያን ሰሞን ስለ ኳርትዝ፣ ሰዓት ውስጥ ስላለው ክሪስታል፣ ሳነብ ከርሜ የሚሰማኝ ሰው አጥቼ ነበር። አገኘሁ።

"ይሄ ብልሽት አይደለም ወንድሜ" ብዬ ጀመርኩ። ውስጧ በሰከንድ 32,768 ጊዜ የምትርገበገብ ትንሽዬ ክሪስታል አለች አልኩት። ያንን ቁጥር 15 ጊዜ ለሁለት ለሁለት ብትከፍለው ልክ 1 ይመጣል፤ ሰዓቷ አንድ ሰከንድ የምትቆጥረው በዚህ ነው። ክሪስታሏ የተስተካከለችው ለ25 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሲበርዳትም ሲሞቃትም ያው መዘግየት ነው። ሞተር ደግሞ ቀኑን ፀሐይ ላይ ይውላል፣ ሌሊቱን ብርድ ላይ ያድራል። ስልክህን ኔትወርኩ ያርመዋል፣ ይቺን ግን ማን ያርማታል? እያልኩ ቀጠልኩ። ልጁ በትዕግሥት ሰማኝ።

"እና ምንም አይደረግም?"

"በየሳምንቱ እያስተካከልክ መሄድ ነው።"

ሄልሜቱን ሊያጠልቅ ሲል ጋሼ ከወዲያኛው ሞተር ሥር ቀና አሉ። ጋራዡ ውስጥ በዕድሜም በሙያም የሁላችን ታላቅ ናቸው።

"እሁድ ትሠራለህ?" አሉት።

"አልሠራም ጋሼ። ሞተሯ ቆማ ነው የምትውለው።"

"እሁድ ስንት ትዘገያለች?"

ልጁ አሰበ። "እሁድማ... ቅዳሜ ማታ 7 ደቂቃ ከነበረች ሰኞ ጠዋትም ያው 7 ነች።"

ጋሼ ወደ እኔ ዞሩ። "ክሪስታልህ እሁድ እረፍት ይወጣል እንዴ?"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ያፈርኩት ደግሞ ባለማወቄ አይደለም፤ የማውቀውን ባለማስላቴ ነው። የተለመደ የሰዓት ክሪስታል ስህተቱ ከሚሊዮን 20 ያህል ነው። በቀን ወደ 1.7 ሰከንድ፣ በሳምንት 12 ሰከንድ መሆኑ ነው። ቀን ከሌት 60 ዲግሪ ሙቀት ውስጥ ብትቀመጥ እንኳ በቀን የሚጨመረው 4 ሰከንድ አይሞላም። ሁሉም ተደምሮ በሳምንት አንድ ደቂቃ አይደርስም። የልጁ ሰዓት ያጣችው 420 ሰከንድ ነው።

"በቀን ስንት ጊዜ ታስነሳታለህ?" ጋሼ አሁንም።

"35 አይጠፋም። በየበሩ አጠፋታለሁ።"

በ6 ቀን 210 ጊዜ ማለት ነው። 420ን ለ210 አካፈልኩ። በእያንዳንዱ ማስነሳት 2 ሰከንድ።

ጋሼ ዳሽቦርዱ ላይ አጎነበሱና በሰዓቱና በደቂቃው መካከል ያሉትን ሁለት ነጥቦች በጣታቸው አሳዩኝ። ብልጭ ድርግም ይላሉ። "አስነሳ" አሉት። ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ እየጎተተ፣ እያቃሰተ ዞረ። ስክሪኑ ደብዘዝ አለ፣ ነጥቦቹም ቀጥ አሉ። ሞተሩ ሲነሳ ካቆሙበት ቀጠሉ። ሰዓቷ በየማስነሳቱ ራሷን እየሳተች ነበር።

ብዙ ጊዜ እንዲህ ሲሆን ሰዓቱ ጭራሽ ጠፍቶ ከመጀመሪያው ይነሳል። ያኔ ባለቤቱ "ሰዓቴ ጠፋ" ብሎ ይመጣል፣ እኛም ቁልፍ ሲጠፋ እንኳ ኤሌክትሪክ የሚያደርሰውን ሽቦና ፊውዙን እናያለን። የዚህች ግን ትዝታዋ አልጠፋም፤ መቁጠር ብቻ ነው ያቆመችው። ለዚህ ነው መዘግየት የመሰለው።

"ባትሪው ደክሟል" አልኩ፣ ሁለተኛ ለመሳሳት ቸኩዬ። ቮልት መለኪያውን ቴስተር ባትሪው ጫፎች ላይ አደረግኩ። ሳይነሳ 12.6 ቮልት፣ ሲነሳ 11.2። ደህና ነው። ጋሼ ቴስተሩን ተቀበሉኝና ከባትሪው ጫፍ ወደ ኬብሉ ራስ አሸጋገሩት። የጣት ውፍረት ያህል እንኳ አይራራቁም። "አስነሳ።" 6.8። የቀረው ቮልት እዚያች ጠባብ ቦታ ላይ ቀልጦ ይቀራል።

የኔጋቲቩን ብሎን ስነካው በጣቴ ዞረ። ስፈታው ሥሩ ነጭና አረንጓዴ ዱቄት አቅርሯል። በብርጭቆ ወረቀት እስኪያብረቀርቅ ፈገፈግኩት፣ መልሼ አጠበቅኩት። ከዚያ በኋላ በማስነሳት ጊዜ 10.5 አነበብን። ሞተሪኖው አንድ ጊዜ ቱር ብሎ አስነሳ፤ ነጥቦቹም ንቅንቅ አላሉም። ሥራው 20 ደቂቃ አልፈጀም። ንግግሬ ሳይረዝም አይቀርም።

በሳምንቱ ልጁ በዚያ ሲያልፍ ቆመ። ስልኩን ከዳሽቦርዱ አጠገብ አድርጎ አሳየን።

"14 ሰከንድ ዘግይታለች" አለ እየሳቀ።

ጋሼ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ወደ እኔ አዩ። "በል፣ አሁን ስለ ክሪስታሉ ንገረው።"