የመጀመሪያ የውጭ ጉዞ ከወሎ፦ ሁለት ከተማ ይበቃል

ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ውጭ አገር ለመጎብኘት ገንዘብ የቋጠረ ሰው ቶሎ የሚያነሳው ዱባይን፣ ኢስታንቡልን፣ ካልሆነም ፓሪስን ነው። የከተማ ስም ከመጥራት በፊት ግን ቪዛውን፣ መንገዱንና የሚያድሩበትን ሌሊት ብዛት ማስላት ይገባል። ያንን ላሰላ ሰው እኔ የምመክረው ናይሮቢንና ሞምባሳን ነው።

ኬንያ ለኢትዮጵያ ፓስፖርት ቪዛ አትጠይቅም። የመግቢያ ደንብ ስለሚለዋወጥ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት አንድ ጊዜ አጣሩ። አውሮፓን የሚያስብ ሰው ማመልከቻውን የሚያስገባው ብዙ ሌሊት ለሚያድርበት አገር ኤምባሲ ነው፤ ሌሊቶቹ እኩል ከሆኑ መጀመሪያ ለሚገባበት። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ኢንሹራንስም ይጠየቃል። ብዙዎችን የሚጥለው ደግሞ ትራንዚቱ ነው፦ የሸንገን (የብዙ አውሮፓ አገሮች የጋራ) ቪዛ የሌለው ኢትዮጵያዊ በፍራንክፈርት በኩል ወደ ሌላ አገር ሲያልፍ፣ ከኤርፖርት ባይወጣም እንኳ ባብዛኛው የትራንዚት ቪዛ ያስፈልገዋል። ርካሽ ነው ተብሎ የተገዛ ትኬት ቦሌ ላይ የሚቀረው በዚህ ምክንያት ነው።

ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ ሰላም በሆነበት ቀን እንኳ ሙሉ ቀን ይበላል፤ ሲዘጋ ደግሞ በረራው ያመልጣል። ስለዚህ ከኮምቦልቻ አዲስ አበባ ያለውን በረራ ከውጭው ጋር በአንድ ትኬት ማስቆረጥ ነው የሚሻለው። የመጀመሪያው በረራ ቢዘገይ አየር መንገዱ ራሱ በሌላ በረራ ያሳፍራችኋል። ለየብቻ ከተገዙ ግን ኪሳራው የራሳችሁ ነው። በመኪና የምትመጡ ከሆነ አዲስ አበባ አንድ ሌሊት እደሩ።

ትኬቱን «መልቲ ሲቲ» በሉት፦ መግቢያ ናይሮቢ፣ መመለሻ ሞምባሳ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሁለቱም ጋ ስለሚበር ወደ ናይሮቢ መልሶ የሚያመጣ ቀን አይባክንም። ሁለቱን የሚያገናኘው በ2017 እንደ ፈረንጆቹ የተከፈተው ባቡር ነው፤ ከ5 እስከ 6 ሰዓት ይወስዳል። የቀኑን እንጂ የሌሊቱን አትያዙ፤ ሐዲዱ በጻቮ ፓርክ መሃል ስለሚያልፍ በመስኮት ዝሆን ይታያል። ጣቢያዎቹ ሁለቱም ከከተማው መሃል ራቅ ያሉ ናቸው። ሻንጣ በውሻና በማሽን ስለሚፈተሽም ባቡሩ ከመነሳቱ ቢያንስ ከአንድ ሰዓት በፊት ድረሱ።

ናይሮቢ ሦስት ሌሊት ይበቃታል። ዋናዎቹ የሚታዩ ነገሮች በአንድ አቅጣጫ፣ በከተማዋ ደቡብ ምዕራብ ስለሚገኙ በአንድ ቀን ይያያዛሉ። ጠዋት 12 ሰዓት የናይሮቢ ብሔራዊ ፓርክ በር ላይ ተገኙ፤ አንበሳ የሚታየው ፀሐይ ሳይበረታ ነው። ክፍያው በጥሬ ገንዘብ አይደለም፤ በኦንላይን ነው። ከዚያ እናታቸውን ያጡ የዝሆን ግልገሎች የሚያድጉበት ማሳደጊያ አለ። ለጎብኚ ክፍት የሚሆነው ከ5 እስከ 6 ሰዓት ብቻ ስለሆነ ቦታ አስቀድማችሁ ያዙ። ከሰዓት በኋላ የቀጭኔው ማዕከል። ይህ ቅደም ተከተል ከተዛባ ዝሆኖቹ ይቀራሉ።

ሞምባሳም ሦስት ሌሊት። በ1590ዎቹ ፖርቱጋሎች የሠሩት ፎርት ጂሰስና የተጠረቡ በሮች ያሉት አሮጌው ከተማ ጎን ለጎን ናቸው፤ በእግር ይዳረሳሉ። ሐላል ምግብ በየመንገዱ አለ። ጉዞው በፍልሰታ ከዋለ ጿሚውም አይቸገርም፦ ሱኩማ ዊኪ የሚባለው ጎመን፣ ኡጋሊ የሚባለው የበቆሎ ገንፎና ባቄላ በየቦታው ይገኛል፤ ወተት ወይም ቅቤ እንዳይገባበት ብቻ ተናገሩ።

ወሎ ላይ ክረምቱ ሲበረታ ኬንያ ደረቅ ነው፤ ለመምህራን ይመቻል። ሐምሌና ነሐሴ ናይሮቢ ጃኬት ያስለብሳል፤ ሞምባሳ ግን የባሕር ዳር ሙቀት ነው። ኪጋሊን ሦስተኛ አድርጎ መጨመር የሚያጓጓ ቢሆንም ኬንያና ሩዋንዳ አይዋሰኑም። በየብስ ከሆነ ኡጋንዳን ወይም ታንዛኒያን ማቋረጥ ግድ ነው። ኪጋሊ ለብቻዋ የምትሄዱባት ከተማ ናት።

የቢጫ ወባ ክትባት ካርዱ የሚሠራው ከተከተባችሁበት ቀን 10 ቀን በኋላ ነው፤ ስለዚህ በመጨረሻው ሳምንት አይሮጥለትም። ስም ደግሞ ልክ ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው ይጻፍ። መሐመድ በላቲን ፊደል መሃሉ ላይ በአንድ «ኤም» ወይም በሁለት ሊጻፍ ይችላል፤ ትኬት ቆራጩ በለመደው መንገድ ከጻፈው ቼክ ኢን ላይ ያስቆማል።

ሰዓቱን ለብቻው ተቀምጣችሁ ቁጠሩት። ትኬቱ ላይ ነሐሴ 6 (ኦገስት 12)፣ 00:40 ከተባለ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 6:40 ነው። ይህ ማለት ከበረራው ሦስት ሰዓት ቀድማችሁ፣ ነሐሴ 5 ማታ 3:40 ላይ ቦሌ መድረስ አለባችሁ። ነሐሴ 6ን ይዞ በዚያው ዕለት ማታ የሚሄድ ሰው በረራው ከሄደ ቀን ሊሞላው ጥቂት ሰዓት ሲቀር ይደርሳል። ከኮምቦልቻ የምትነሱበትም ቀን የሚቆጠረው ከነሐሴ 5 ወደ ኋላ ነው።