ታኅሣሥ 29 ወይስ 28? የበዓል ፈቃድ ከመጠየቃችሁ በፊት

ፈረንጅ «የክረምት በዓላት» የሚለው የዲሴምበርንና የጃንዋሪን በዓላት ነው፤ በእኛ አቆጣጠር እንኳ ያ ወቅት በጋ ነው። ስሙ ይቅርና፣ ውጭ አገር ተቀጥሮ ለሚሠራ ሰው ዋናው ጣጣ ቀኑን ማወቅ ነው።

ገና ሁልጊዜ ታኅሣሥ 29 ይመስለናል። በዘመነ ዮሐንስ ግን 28 ነው የሚውለው። ከመጋቢት 29 ፅንሰት እስከ ልደት 9 ወር ከ5 ቀን ይቆጠራል፦ ዘጠኙ ወር 270፣ ጳጉሜን 5፣ በድምሩ 275። ከዘመነ ዮሐንስ በፊት ያለችው ጳጉሜን ግን 6 ስለምትሆን፣ ታኅሣሥ 29 ላይ ስንደርስ 276 ስለሚሞላ በዓሉ አንድ ቀን ይቀድማል። በፈረንጁ ያው ጃንዋሪ 7 ነው።

ዘመኑን ለማወቅ ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምሩና ለ4 አካፍሉ። 1 ከተረፈ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ። 2020ን ሞክሩት፤ 7520 ለ4 እኩል ይካፈላል፣ ስለዚህ ዮሐንስ ነው። ስልካችሁ ላይ ያለው መቀየሪያ «ታኅሣሥ 29 ቀን 2020» ስትሉት ጃንዋሪ 8 ይላችኋል። እሱ አልተሳሳተም፤ የተሳሳተው ያስገባችሁት ቀን ነው። በነገራችን ላይ የዚያ ዓመት ገና ዓርብ ነው፤ ዶሮው ግን ይበላል፣ የሚጾመው ዋዜማው፣ ገሃዱ ነው።

ብዙ ሰው የሚሸወደው ግን በጥምቀት ነው። ጥር 11 ንቅንቅ አይልም፤ ስለዚህ በዘመነ ዮሐንስ የሚውለው ጃንዋሪ 20 ነው። «ገናው 7 ከሆነ ጥምቀትም 19 ነው» ብሎ ያስመዘገበ ሰው የከተራ ዕለት ቤቱ ይቀመጥና ጥምቀት ዕለት ሥራ ይገባል።

ጃንዋሪ 7ም ቢሆን ለዘላለም አይደለም። ፈረንጆቹ በ2100 ፌብሩዋሪን 29 አያደርጓትም፣ እኛ ግን ጳጉሜን 6 ማለታችንን አናቋርጥም፤ ከ2101 ጀምሮ ገና ጃንዋሪ 8 ይሆናል። ለልጅ ልጆች ይቆይ።

ሌላው ነገር ዋዜማ ነው። የገና ቅዳሴ የሌሊት ስለሆነ ጃንዋሪ 7ን ብቻ ፈቃድ የወሰደ ሰው የ6 ማታ ፈረቃ ላይ ተይዞ ይቀራል። ሁለቱንም ጠይቁ።

የአይሁድ የመብራት በዓል ሐኑካ ላይም ያው የዋዜማ ስሕተት አለ። ቤተ እስራኤል ጎንደር ሳሉ አያውቁትም ነበር፤ የያዙት ከሌሎች አይሁዶች ጋር ከተገናኙ በኋላ ነው። በዓሉ በአይሁድ አቆጣጠር ኪስሌቭ 25 ይገባል፣ ስምንት ቀን ነው፤ ወሩ በጨረቃ ስለሚቆጠር በፈረንጁ ከዓመት ዓመት ቦታ ይቀይራል። በ2026 ካላንደሩ «ዲሴምበር 5» ይላል፤ የመጀመሪያው ሻማ ግን የሚበራው ዲሴምበር 4፣ ዓርብ አመሻሽ ነው። ዓርብ ደግሞ የራሱ ሕግ አለው፦ ፀሐይ ሳትጠልቅ መጀመሪያ የሐኑካው፣ ቀጥሎ የሰንበቱ ይበራል፤ ከሰንበቱ በኋላ እሳት መለኮስ የለም። የሐኑካው ከዋክብት ከወጡ በኋላም ግማሽ ሰዓት መንደድ ስላለበት የተለመዱት ቀጫጭን የሐኑካ ሻማዎች አይደርሱም፣ ቀድመው ያልቃሉ። ረጅም ሻማ ወይም በቂ የወይራ ዘይት አዘጋጁ።

ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል እየቀደመ ወደዚሁ ወቅት እየመጣ ነው። በፈረንጁ 2030 ሁለት ጊዜ ይገባል፤ በጃንዋሪ መጀመሪያና በዲሴምበር መጨረሻ። የዚያን ዓመት ገና ሙስሊም ጎረቤት የምትጠሩ ከሆነ ቀጠሮውን ጾም ከሚፈታበት ከመግሪብ በኋላ አድርጉት፣ ቴምርም ይኑር።