ከደሴ እስከ ቶሮንቶ፦ አንድ ክኒን የጉዞ ቀናችንን እንዴት እንዳዛወረው

እኔ ከ30 ዓመት በላይ በመምህርነት አገልግዬ ጡረታ የወጣሁ፣ ባለቤቴ ደግሞ ሰኞ ገበያ በርበሬና ቅመም ስትነግድ የኖረች የደሴ ሰዎች ነን። እስከ 2017 ዓ.ም. ድረስ ሁለታችንም አውሮፕላን ተሳፍረን አናውቅም ነበር። ረጅሙ መንገዳችን በከሚሴ፣ በሸዋ ሮቢትና በጣርማ በር አድርጎ አዲስ አበባ የሚያደርሰው 400 ኪሎ ሜትር ገደማ የአውቶቡስ ጉዞ ነበር። ቶሮንቶ የምትኖረው ልጃችን ሁለተኛ ልጇን በታኅሣሥ እንደምትወልድ ነግራን «ኑልኝ» ስትለን፣ እኔ ያሰብኩት ስለ ቪዛውና ስለ ቲኬቱ ብቻ ነበር። የኢንሹራንሱን ነገር ቪዛው ላይ እንደሚጨመር አንድ ተራ ወረቀት ቆጥሬው ነበር፤ ዞሮ ዞሮ የምንሄድበትን ቀን የወሰነው ግን እሱ ሆነ።

ካናዳ ለዜጎቿና ለቋሚ ነዋሪዎቿ ወላጆችና አያቶች የምትሰጠው ሱፐር ቪዛ የሚባል ፈቃድ አለ። በአንድ ጊዜ እስከ 5 ዓመት ለመቆየት ያስችላል፤ ታዲያ ጋባዡ ልጅ በቂ ገቢ እንዳለው ከማሳየቱ በተጨማሪ፣ ተጓዡ የካናዳ ኢሚግሬሽን በሚቀበላቸው ሐኪሞች ዘንድ መመርመርና ከገባበት ዕለት ጀምሮ ቢያንስ ለ1 ዓመት የሚጸና፣ ከ100,000 የካናዳ ዶላር የማያንስ የጤና መድን መያዝ አለበት። መድኑ ሕክምናን፣ ሆስፒታል መተኛትንና ወደ አገር የመመለስን ወጪ መሸፈን ይኖርበታል። የዋጋ ማቅረቢያ ብቻ ማስገባት አይበቃም፤ ክፍያው የተጀመረበት ውል ከማመልከቻው ጋር መያያዝ አለበት። ስለዚህ ቪዛው ይሰጥ አይሰጥ ሳይታወቅ ኢንሹራንስ ይገዛል ማለት ነው። ይህ መጀመሪያ ላይ አስደንግጦኝ ነበር፤ በኋላ ግን ቪዛው ከተከለከለ የክልከላውን ደብዳቤ በማቅረብ ገንዘቡ እንደሚመለስ፣ ቪዛው ከዘገየም ውሉ ከመጀመሩ በፊት የመነሻውን ቀን ማዛወር እንደሚቻል በውላችን ላይ ተጽፎ አገኘሁት። ውሉን የገዛችው ልጃችን ናት፤ ያነበብኩት ግን እኔ ነኝ። 20 ገጽ የሚያህለውን እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት አጠገቤ አድርጌ ሦስት ምሽት ፈጀሁበት።

ባለቤቴ ነገሩን ከእኔ ቀድማ ገባት። «እንደ እድር ነው በለኛ፤ ዛሬ ገብቶ ነገ ለሚሞት ድንኳን አይተክሉም» አለችኝ። አነጋገሯ ከብዙ ማብራሪያ ይሻላል፤ መድን ሰጪው የሚፈራው በደጅ የቆመን ሕመም ነው። ባለቤቴ ደግሞ ከ12 ዓመት ወዲህ የደም ግፊትና የስኳር ሕመም አለባት።

ማመልከቻው ላይ የነበሩት የጤና ጥያቄዎች ብዙዎች ናቸው፦ የምትወስዷቸው መድኃኒቶች ስንት ናቸው፣ ባለፉት ወራት አልጋ ይዛችሁ ታውቃላችሁ፣ ውጤቱ ያልመጣ ምርመራ አለ ወዘተ። አንድ ወዳጃችን ፒያሳ ቡና ስንጠጣ «አብሽር፣ ማን ደሴ ድረስ መጥቶ ያጣራል? ግፊት የለባትም በሉ» ብሎ መክሮን ነበር። ማጣራት ግን የሚመጣው ውሉ ሲሸጥ ሳይሆን ካሳ ሲጠየቅ ነው። የታመመ ሰው ሆስፒታል ሲገባ የሚወስደውን መድኃኒት ለሐኪሙ መናገሩ አይቀርም፤ ያ ቃል ይመዘገባል፤ መድን ሰጪው ደግሞ መዝገቡን ከማመልከቻው ጋር ያስተያያል፤ የተሰወረ ነገር ካገኘ ውሉን እንዳልነበረ ሊቆጥረው ይችላል። ስለዚህ ሁሉንም ጻፍን። እውነቱን መጻፍ ራሱ ቀላል አልነበረም፤ በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ በደረሰበት ጊዜ የባለቤቴ የቆየ የሕክምና ማኅደር ጠፍቷል። የሚከታተላት ሐኪም ከዚያ ወዲህ ያለውን መዝገብ አይቶ የሕመሙን ስም፣ የመድኃኒቶቹን መጠሪያና ልካቸውን፣ የመጨረሻዎቹንም ውጤቶች የያዘ የእንግሊዝኛ ደብዳቤ በማኅተም ጻፈልን። ደብዳቤው ላይ የፋብሪካው መጠሪያ ሳይሆን የመድኃኒቱ ዋና ስም እንዲሰፍር ጠይቀን ነበር፤ እዚህ በፋርማሲው የሚገኘው የአንዱ ወር ከሌላው ወር በስም ስለሚለያይ፣ ባሕር ማዶ ያለ ሐኪም በማሸጊያው ብቻ ሊለየው አይችልም።

ቪዛው በመስከረም 2017 ዓ.ም. መጣ። ውላችን ኅዳር ላይ እንዲጀምር ተደርጎ ስለነበር ወሊዱ ሳይደርስ ለመግባት አመቺ ነበር። በዚያው ወር መጨረሻ ግን ባለቤቴ ለተለመደው ክትትል ስትሄድ ግፊቷ ከፍ ብሎ ተገኘና ሐኪሙ አምሎዲፒን የሚባለውን የግፊት ክኒኗን ከ5 ወደ 10 ሚሊ ግራም አሳደገላት። እኛ በበኩላችን ይህን እንደ መልካም ዜና ወስደነው ነበር። ማታ ውሉን እንደገና ስገልጥ ነው አንዲት ዐረፍተ ነገር ዓይኔ ላይ ያረፈችው፦ ከዚህ ቀደም የነበረ ሕመም የሚሸፈነው፣ ውሉ ከሚጀምርበት ቀን በፊት ባሉት 90 ቀናት ውስጥ ሳይለወጥ የቆየ ከሆነ ብቻ ነው። ለውጥ የሚባለው የሕመም መባባስ ብቻ አይደለም፤ አዲስ መድኃኒት መጀመር፣ የነበረውን ልክ መጨመር፣ መቀነስም ጭምር ነው። በኅዳር ብንሄድ፣ ባለቤቴ በግፊቷ ምክንያት አንድ ነገር ብትሆን 100,000 ዶላር የሚለው ጽሑፍ ለእሷ ባዶ ወረቀት ሊሆን ነው።

«ክኒን ጨመሩልኝ እንጂ ሕመም አልጨመሩብኝም» ብላ ተቆጣች። ቁጣዋ ከእኔ ጋር አልነበረም፤ «ልጄ በታኅሣሥ ስትወልድ ገንፎውን ማን ሊያገነፋላት ነው?» የሚለው ነበር ያንገበገባት። እኔም ጥቂት አመነታሁ። በስልክ ልጃችንን ስናማክራት «እማዬ፣ ገንፎው ይቆየኛል፤ አንቺ ሆስፒታል ገብተሽ እኔ አራስ ቤት ከምተኛ ዘግይታችሁ ኑ» አለቻት። ልጃችን ወደ ኩባንያው ደውላ የውሉን መነሻ ወደ የካቲት አዛወረችው። ሌላም ኩባንያ ጠይቃ ነበር፤ የዚያኛው 180 ቀን ስለሚጠይቅ ተውነው። የኛም መዛወር ያለ ዋጋ አልሆነም፤ እኔ የተወለድኩት በጥር 1947 ዓ.ም. ስለሆነ የካቲት ላይ 70 ዓመት ሞልቶኛል፤ ዕድሜ የሚቆጠረው ውሉ በሚጀምርበት ቀን ነውና የእኔ ዓረቦን፣ ማለትም ለመድኑ የሚከፈለው ገንዘብ፣ ወደሚቀጥለው የዕድሜ እርከን ወጣ። በነገራችን ላይ የልደት ቀንን ወደ ፈረንጆች አቆጣጠር ሲመልሱ 7 ወይም 8 ዓመት መጨመሩን በወሩ መለየት ያስፈልጋል፤ የእኔ ጥር 1947 ጃንዋሪ 1955 ነው። አንድ የቆየ ሰነዴ ላይ 1954 ተብሎ የተጻፈውን ሳላስተውል ብልክ ኖሮ፣ በፓስፖርቴና በውሉ መካከል የአንድ ዓመት ልዩነት ይፈጠር ነበር።

ቲኬቱን የቆረጥነው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ ቀድመን ቆርጠን ቢሆን ኖሮ የቀን መቀየሪያ ቅጣት በከፈልን። ብር ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ ዋጋ መተመን ከጀመረ ወዲህ የቲኬት ዋጋ በብር ሲታሰብ ያስደነግጥ ስለነበር፣ አንድ የጉዞ ወኪል ርካሽ ነው ያለውን በአውሮፓ በኩል ሁለት ጊዜ የሚያቀያይር መንገድ አቀረበልን። አየር ማረፊያ ውስጥ ለማደር እንኳ አንዳንድ የአውሮፓ አገሮች ከኢትዮጵያውያን የትራንዚት ቪዛ ይጠይቃሉ፤ የካናዳ ቪዛ ያለው ሰው ከዚህ ነፃ መሆኑን በኋላ ብናውቅም፣ እንግሊዝኛ የማትችል ባለቤቴን ይዤ በማላውቃቸው ሁለት አየር ማረፊያዎች በር መፈለጉ አልታየኝም። ያ ቲኬት ሌላም ወጥመድ ነበረው፤ መነሻው «ረቡዕ 01:35» ይላል። በእኛ አቆጣጠር ይህ ከሌሊቱ 7:35 ነው፤ ሌሊቱም የረቡዕ ሌሊት ሳይሆን ማክሰኞ ለረቡዕ አጥቢያ ነው። ረቡዕ ማታ ሻንጣውን ይዞ ቦሌ የደረሰ ሰው አውሮፕላኑ አንድ ቀን ገደማ ቀድሞታል። እኔ አሁን ማንኛውንም ቲኬት ሳይ 6 ሰዓት ቀንሼ በአማርኛ ከጎኑ እጽፍበታለሁ።

የመረጥነው ከኮምቦልቻ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ቶሮንቶ በአንድ ቲኬት የሚያደርሰውን የኢትዮጵያ አየር መንገድ ጉዞ ነው። አንድ ቲኬት መሆኑ ጥቅሙ ብዙ ነው፤ የመጀመሪያው በረራ ዘግይቶ ሁለተኛው ቢያመልጥ ሌላ በረራ የማፈላለጉ ኃላፊነት የአየር መንገዱ ይሆናል፤ ሁለቱን ለየብቻ የቆረጠ ሰው ግን ኪሳራው የራሱ ነው። ያም ሆኖ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሲወረድ ሐረጎ ላይ ጉም ሲጥል እንዴት እንደሚሆን ስለምናውቅ፣ የአገር ውስጡን በረራ ከዋናው ሁለት ቀን አስቀድመን አስያዝነው። አዲስ አበባ እህቴ ቤት ሁለት ሌሊት አረፍን። ከደሴ ወጥተን ቶሮንቶ እስክንደርስ ያለው ጊዜ በመድኑ እንደማይሸፈን ግን ማስታወስ ይገባል፤ ውላችን የሚጀምረው የካናዳን መሬት ስንረግጥ ነው።

ለሁለታችንም ዊልቸር እንዲያዝልን ልጃችን ቀድማ አስመዝግባ ነበር። እኔ «እግሬ ደህና ነው፣ ሰው ምን ይለኛል» ብዬ ተከራክሬያለሁ፤ ነገር ግን ዊልቸሩ ያለ ክፍያ የሚሰጥ ሲሆን፣ የሚገፋው ሠራተኛ ከሰልፉ፣ ከፍተሻውና ከመግቢያው በር ጋር የሚያገናኝ መሪም ነው። ቶሮንቶ ላይ የኢሚግሬሽኑን ጥያቄ ያስረዳን እሱ ነበር። ስለ በረራው ራሱ የምለው ጥቂት ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለሆነ፣ አየሩ ሳስቶ አውሮፕላን ከዚያ ሙሉ ነዳጅና ሙሉ ጭነት ይዞ መነሣት ይከብደዋል፤ በሄድንበትም ጊዜ ነዳጅ ለመሙላት መንገድ ላይ አርፈን ነበር። ስንመለስ ግን አላረፍንም። መድኃኒቱን በሙሉ ከነማሸጊያውና ከሐኪሙ ደብዳቤ ጋር በእጅ ቦርሳ ይዘናል፤ በየሁለት ሰዓቱ ተነሥተን በመተላለፊያው ወዲያና ወዲህ ብለናል። ቶሮንቶ በክረምታቸው ከእኛ 8 ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆነች ያ ቀን ይረዝማል፤ ባለቤቴ የስኳር ክኒኗን በየትኛው ሰዓት እንደምትወስድ ሐኪሙ ቀድሞ በወረቀት ጽፎላት ነበር። ቅቤና ቋንጣ ይዘን አልሄድንም፤ በርበሬና ሽሮውን ግን ለጉምሩክ ተናግረን አስገባን።

መጋቢት ላይ ባለቤቴን ብርቱ ሳል ያዛት። ክሊኒክ ሄደን 150 ዶላር ተጠየቅን። ውላችን የመጀመሪያውን 1,000 ዶላር ከራሳችን ኪስ እንድንከፍል የሚያደርግ ነበር፤ ዓረቦኑ የቀነሰልንም ስለዚህ ነው። ልጃችን ደረሰኙን ለኢንሹራንሱ ልልክ ስትል፣ ውሉን ሦስት ምሽት ያነበብኩት ሰው ከለከልኳት። ከ1,000 በታች ስለሆነ የሚመለስ ነገር የለም፤ በዚያ ላይ ዓመቱ ሳያልቅ ለሚመለስ ሰው የቀሩት ወራት ዓረቦን የሚመለስለት ምንም ዓይነት ካሳ ጠይቆ ካላወቀ ብቻ ነው። ሐምሌ ላይ ደሴ ስንገባ የመውጫ ማስረጃችንን ልካ፣ የአስተዳደር ክፍያ ተቀንሶ የቀሪዎቹ ወራት ገንዘብ ተመለሰላት።

ነሐሴ ላይ ባለቤቴ ወደ ክትትሏ ሄደች። ሐኪሙ የስኳር መድኃኒቷን ልክ ትንሽ ከፍ ማድረግ እንደሚፈልግና እስከሚቀጥለው ቀጠሮ ሊጠብቅም እንደሚችል ነገራት። እሷም በጣቷ እየቆጠረች፣ «መስከረም፣ ጥቅምት፣ ኅዳር፣ ታኅሣሥ... የለም ዶክተር፣ የሚቀይሩት ከሆነ ዛሬውኑ ይቀይሩልኝ፤ ለጥር ልንሄድ ነው» አለችው።